በቦራ አንገት ላይ ያሰርኩት ማዘዣ

ሐኪም የሚባል ሰው ሲያልፍ ከተቀመጥኩበት ብድግ የምል ሴት ነበርኩ። ዛሬ አልነሳም። ጉልበቷ ደክሞ ነው እንዳትሉ፤ ለቄስ እነሳለሁ፣ ለሽማግሌም እነሳለሁ። ለሐኪም፣ በተለይ ለከብት ሐኪም፣ መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ተቀብዬ አነባለሁ፤ ከዚያ ደስ ካለኝ እነሳለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ስሜ ዘነቡ ነው። የላስታ ሰው ነኝ፤ መንደራችን ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ ሲኬድ ደጋው ላይ፣ ከገብስ በቀር እህል በማይወደው ቦታ ላይ ናት። ዘመኑ የደርግ ነው። ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ ገና ሁለት ክረምት መሆኑ ነበር። ድርቁ ባሌን ወሰደብኝ፤ ከብቶቻችንንም አንድ በአንድ ጨረሰብኝ። የቀሩኝ ሁለት ሴት ልጆች፣ ትንሽ መሬትና ወንድሜ አዝኖልኝ ገና ወይፈን ሳለ የሰጠኝ አንድ ቀይ በሬ ነበሩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ እንለዋለን።

በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ ከጎረቤቴ ከአያ ደምሌ ጋር መቀናጆ ገባን። የሱ አንድ በሬ፣ የኔ አንድ በሬ፣ አብረው ተጠምደው አንድ ቀን የሱን መሬት፣ አንድ ቀን የኔን ያርሳሉ። ሞፈሩን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ በምላሹ እርሻውን አርምለታለሁ። ገበሬ ማኅበሩ ደግሞ ሕግ ነበረው፤ ሳይታረስ ክረምቱን ያለፈ መሬት ተነጥቆ ለሚያርስ ይሰጣል። ይህ ሕግ በስብሰባ ላይ በተነገረ ቁጥር የሊቀመንበሩ ዓይን እኔ ላይ ያርፍ ነበር። የሱ እርሻ ከኔ ጋር ወሰንተኛ ነው። ምን እንደሚያስብ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

እንግዲህ ቦራ ለኔ ምን እንደሆነ ገባችሁ። ቦራ ከወደቀ መሬቴ ሄደ፤ መሬቴ ከሄደ ልጆቼን ይዤ የሰው ደጅ መጥናት ነው።

የግንቦት ማርያም ማግስት ጠዋት ወደ በረት ስገባ ቦራ አልተነሳም። ለሃጩ እስከ መሬት ይወርዳል። አፉን ፈልቅቄ ሳይ ምላሱ ቆስሎ ልጡ ተነስቷል፤ ሰኮናው መሐልም ቁስል አለ። ድርቆሽ ባቀርብለት አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

አያ ደምሌ መጣና ከሩቅ ቆሞ አየው። ደግ ሰው ነው፤ ግን እሱም ያለችው አንዲት በሬ ናት።

«እታለም፣ አትቀየሚኝ፤ የኔን ለይቼ ማሰሬ ነው» አለኝ። «ሰኔ ሚካኤል ድረስ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ቀናጅ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ፣ የኔም ልጆች ይበላሉ።»

«ኧረ አያ፣ ይኸን ያህል መጠበቅዎም ትልቅ ነገር ነው» አልኩት። ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው።

ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ የሚንጠባጠበውን ጸበል በቅል አምጥቼ ረጨሁት። አፉን በጨው ውሃ አጠብኩለት። ይህን ሁሉ ሳደርግ የመንደሩ ሰው በአንድ አፍ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ወደ ሐኪሙ ውሰጂው እንጂ! የመንግሥት ሐኪም አይደለም እንዴ! መድኃኒቱም የመንግሥት ነው!» እኔም ሞኟ የመንግሥት ነው ሲሉኝ የኛም ነው ማለት መስሎኝ።

ሐኪሙ ያለው ግማሽ ቀን በምታስኬድ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሱንም አልጠራም። ሰውየው ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ምን አደረጉኝ? ብቻ ቅቤ በቅል ይዤ ሄድኩ፤ ባዶ እጅ ደጅ አይጠናም። ነጭ ካፖርት ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከጀርባው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ ተቆልፎ። እጅ ነስቼ የበሬዬን ነገር ነገርኩት።

«በሬው የታለ?» አለ ቀና እንኳ ሳይል።

«ጌታዬ፣ መሄድ አቅቶት ነው። እርስዎ አንድ ጊዜ ብቅ ቢሉልኝ ብዬ፤ በቅሎም ለምኜ አመጣለሁ።»

«እኔ ወደ በሬ አልሄድም፤ በሬ ነው ወደኔ የሚመጣው። ታካሚው ካልቀረበ ካርድ አይወጣም።»

ቅቤውን ግን ታካሚው ሳይቀርብ ተቀበለ።

ተመለስኩ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቦራን እየገፋሁ፣ እየለመንኩ፣ በየመንገዱ እያሳረፍኩ አወጣሁት። እንዲያ ያነክስ የነበረ በሬ ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። አንዳንዴ ቆሞ ያየኛል። «ና አባቴ፣ ና ቦራዬ፣ መድኃኒት ልገዛልህ ነው እኮ» እለዋለሁ፤ ይከተለኛል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ክሊኒኩ ግቢ ደርሰን ዛፍ ሥር ተኛ።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ያን ቀን ሐኪሙ ብቻውን አልነበረም፤ አግዳሚ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጧል። ባለ ልኳንዳ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ሐኪሙ ቅጽ አወጣና ብዕሩን አነሳ።

«የታካሚ ስም?»

«ቦራ።»

«የአባት ስም?»

የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

«የአባት ስም አልኩሽ እኮ!»

«ጌታዬ፣ በሬ ነው።»

«ቅጹ ይጠይቃል። ባዶ መተው አይቻልም።»

የበሬ አባት ከየት ላምጣ? ወንድሜ ቤት የነበረ አንድ ጥቁር ኮርማ ትዝ አለኝና «ሻንቆ» አልኩት። ቦራ ሻንቆ ብሎ ጻፈ።

«ሥራ?»

«ገበሬ ነዋ!» አልኩ። እሱንም ጻፈው፤ በሞቴ ጻፈው!

ከዚያ ተነስቶ በመስኮት ወደ ግቢው አየ። አንድ ጊዜ። እጁን ሳያስነካው፣ አፉን ሳይከፍትለት፣ ከበሩ እንኳ ሳይወጣ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ቀኑን ሙሉ የገፋሁት በሬ በመስኮት ታከመ።

«ሦስት መርፌ ያስፈልገዋል» አለ። «ዛሬ አንድ፣ ከነገ ወዲያ አንድ፣ በሳምንቱ አንድ።» ቀጥሎ ዋጋውን ነገረኝ። የበሬዬን እኩሌታ ያህል ነው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«የመንግሥት መድኃኒት አይደለም እንዴ ጌታዬ?»

«የመንግሥቱ አልቋል። ይኼ በግል የሚመጣ ነው።»

«ታዲያ እኔ ይኸን ከየት አመጣለሁ?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ?»

ያኔ አግዳሚ ላይ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደከመሽ? እኔ ልግዛሽና ተገላገይ» አለና ዋጋ ጠራ። የአንድ በግ ዋጋ ነው። የደህና በግ እንኳ አይደለም።

«በሬዬ ለሞፈር ነው እንጂ ለቢላ አላሳደግኩትም!» አልኩት። ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ኖሮ ሐኪሙ ደነገጠ። ሁለቱ ተያዩና ወደ ጓሮ ወጡ። ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፤ ቃሉን ግን አልለየሁትም። እኔ ከባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ እማርያምን እለምናለሁ።

ሐኪሙ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ፈገግ ብሏል።

«በይ አትዘኚ፤ መርፌውን ካልቻልሽ በማዘዣ እሠራልሻለሁ። የማዘዣ ዋጋ ብቻ ትከፍያለሽ።»

ገንዘብ የለኝም። እጄ ላይ ግን የብር አምባር ነበረኝ፤ ባሌ ለሠርጌ ያጠለቀልኝ። በድርቁ ጊዜ እንኳ ያልሸጥኩት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ አምባሩን አየው። አወለቅኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እጄን አልያዘኝም፣ «ተይው» አላለኝም።

ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። በጥቁር ጻፈና ከሥሩ በቀይ ብዕር አሰመረበት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብሎ መታው። እኔ እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን አገር ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም አንድ ላይ የማውቀው በብራናና በክታብ ላይ ነው። ልቤ በረታ።

«መድኃኒቱ ይኼ ነው» አለኝ እጥፍ አድርጎ ሲሰጠኝ። «ለገበሬ ማኅበራችሁ ሊቀመንበር ስጪው። የቀረውን እሱ ያውቃል።»

ጫማውን ሳምኩ። አዎ፣ ሳምኩት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ዋሸሁ ማለት ነው።

ያን ዕለት ከከተማው ዳር አንዲት ባልቴት አሳድራን በማግስቱ አዘገምን። መንገድ ላይ ግን ልቤ አላርፍ አለ። መድኃኒቱን ለሊቀመንበሩ? ለምን? የሊቀመንበሩም በሬ በዚያው በሽታ ታሞ ተኝቷል፤ አገር ያውቀዋል። እኔ በሠርግ አምባሬ የገዛሁትን መድኃኒት እሱ ተቀብሎ ለራሱ በሬ ሊያደርገው ነዋ! የኔ በሬ ይሙት፣ የሱ ይዳን፣ ኋላም መሬቴን ይረስበት! ደሜ ፈላ። «እሳት ይብላው!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ቦራ ቀና ብሎ አየኝ።

ቤት እንደደረስኩ ከአሮጌ ስልቻ ቁራጭ ቆዳ ቆረጥኩ። ወረቀቱን እንደታጠፈ፣ ሳልከፍት፣ ከተትኩና በወስፌ ሰፋሁት። ክታብ በኛ ዘንድ አይከፈትም፤ ከጻፈው ሰው በቀር ሌላ ዓይን ካየው ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። ብከፍተውስ? ፊደል አላውቅ። ለቄሱም አላሳየሁ፣ ለደብተራም አላሳየሁ። በጠፍር አድርጌ ቦራ አንገት ላይ አሰርኩት። የነገርኩት ሰው አያ ደምሌን ብቻ ነው። እሱም ጭንቅላቱን ነቅንቆ «ደግ አድርገሻል፤ ለሊቀመንበሩማ ምን ሲደረግ!» አለኝ። ሁለታችንም መሐይማን ነን፤ ተማምነን ተለያየን።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ጠዋትና ማታ አፉን በጨው ውሃ አጥባለሁ። ድርቆሹ ስለሚወጋው ከምንጩ ዳር ለስላሳ ሣር እያጨድኩ በእጄ አጎርሰዋለሁ። የገብስ በሶ በጥብጬ አጠጣዋለሁ፤ ልጆቼ እያዩ። ታላቋ አንድ ቀን «እማዬ፣ በሶው ለኛስ?» አለችኝ። «ቦራ ሲያርስ ትበያለሽ» አልኳት። አምስተኛው ቀን ባሰበት፤ ስድስተኛውም እንደዚያው። ሰባተኛው ቀን ለሃጩ ቀነሰ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት በረት ስገባ ቦራ ቆሞ ያመሰኳል።

እልል ብዬ ጎረቤቱን ቀሰቀስኩት። የቆዳ ከረጢቷን ሳምኳት። «አይ ሐኪም! አይ የተማረ ሰው!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ስለ ሐኪሙ ነገርኩ። ቅዳሴ ላይ ስሙን አንስቼ ጸለይኩለት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀር ሦስት ሰዎች ደጄ መጡ። አንዱ ሊቀመንበሩ ነው። ሁለተኛው ያ ወፍራም ሰውዬ፤ ሦስተኛው ገመድ የያዘ አሽከሩ። እነሱን ሳይ መድኃኒቱን ሊያስመልሱ የመጡ መሰለኝ። ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪሙ የሰጠሽን ወረቀት ለሊቀመንበሩ ለምን አልሰጠሽም?» አለ ባለ ልኳንዳው። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ዳገቱ እንደኛ አይደለም ለሱ።

«የምን ወረቀት?»

«ማኅተም ያለበት! በፊቴ አይደለም እንዴ የሰጠሽ!»

«እሱን ነው? እሱን ለባለቤቱ ሰጥቼዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። «ባለቤቱማ እኔ ነኝ፤ ለኔ ነው የተጻፈው። ለማን ሰጠሽ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታዎን፤ እርስዎ ታመው ነበር እንዴ?»

ምን እንደምል አልገባውም። እኔም እሱ ምን እንደሚል አልገባኝም። ሁላችንም ቆመን ስንፋጠጥ ቦራ ከበረት ወጥቶ፣ ከረጢቷን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ፣ በመሐላችን አልፎ ወደ ሣሩ ሄደ። የሚፈልጉት ወረቀት ከአፍንጫቸው ሥር አለፈ።

ባለ ልኳንዳው ዓይኑ በሬው ላይ ተተከለ። «ታሟል የተባለው ይኼ ነው?»

«ታሞ ነበር። ሐኪሙ ዕድሜ ይስጠውና አድኖልኛል።»

ሰውዬው ሲስቅ ነው ሲስል አላውቅም፣ አንዳች ነገር ከጉሮሮው ወጣ። ሊቀመንበሩን ወደ ጎን ስቦ «ወረቀት ባይኖርም ውሰደው በለኝ፤ ሐኪሙ ነገ ሌላ ይጽፋል» ሲለው ሰማሁ።

ሊቀመንበሩ እንግዲህ በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፤ ማኅተም። «ኧረ ወዲያ! ያለ ወረቀት የእርሻ በሬ አስረክቤ ነገ ከበላይ ሲጠይቁኝ ምን ልል ነው? ወረቀት አምጣ፣ ውሰድ» አለው።

«ነገ አመጣለሁ!» ብሎ ወረደ። እኔ መድኃኒቱን ቢያጡት በምትኩ በሬዬን ሊወስዱ የፈለጉ መሰለኝ። በማግስቱ ግን አልመጣም፤ ለቆመ በሬ ሌላ ወረቀት ማጻፉ ሳያስፈራቸው አልቀረም። ሚካኤል ዋለ። በሚካኤል ማግስት አያ ደምሌ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ መሬቴ ላይ አዋለልኝ። እኔ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሊቀመንበሩ ከወሰኑ ማዶ ቆሞ ያያል።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሐኪሙን አመስግኜ አልጠገብኩም አልኳችሁ። በመኸሩ የእትዬ ወለላ ላም ታመመች። እትዬ ወለላ ከኔ የባሰች ደሃ ናት፤ አምስት ልጅ በዚያች ላም ወተት የምታኖር። «ሂጂ ወደ ሐኪሙ! መርፌውን ካልቻልሽ በማዘዣ ይሠራልሻል» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ሄደች። በግ ከፍላ ወረቀት ይዛ መጣች። ለሊቀመንበሩ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ያ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ ላሚቱን እየጎተተ ወሰዳት።

እያለቀሰች መጣች። «‹በሽታው እንዳይዛመት› ብለው ወሰዷት ዘነቡ!»

እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ማን ለሊቀመንበሩ ስጪ አለሽ! አንገቷ ላይ ብታስሪው ኖሮ አትድንም ነበር? ይኸው መድኃኒቷን እሱ ቀማሽ!» ብዬ ተቆጣኋት። በላሟ ሐዘን ላይ የኔ ቁጣ ተጨመረላት። ራሷን ደፍታ ሄደች። ያን ቀን ያልኳትን ሳስታውስ ዛሬም ምላሴን መንቀል ያምረኛል።

በዚያው በጋ መሠረተ ትምህርት መንደራችን ገባ። ስም መዝግበው፣ ያልመጣ ይቀጣል ብለው፣ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም ዛፍ ሥር ሰበሰቡን። በግድ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። መምህርቷ ከደሴ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ሲበዛ ትጮህብን ነበር። ግን አስተማረችኝ። «ሀ» እና «ለ»ን ስለይ አልገረመኝም። አንድ ቀን ግን የጨው መጠቅለያ ወረቀት ላይ «ጨው» የሚል አየሁና ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ወረቀቱ አነጋገረኝ።

ፈተና አልፌ ምስክር ወረቀት የተቀበልኩ ቀን እቤት ገብቼ ቦራን አየሁት። ከረጢቷ አንገቱ ላይ አለች። እንግዲህ ማንበብ ችያለሁ። ክታብ መክፈት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ፈራሁ፣ አማተብኩ። ግን ያ ትልቅ ሐኪም የጻፈውን የጥበብ ቃል አንድ ጊዜ በዓይኔ ማየት አማረኝ። በሬውን አዳነ፤ እኔንም ይባርከኛል አልኩ። ስፌቱን በቢላ ፈታሁ። ወረቀቱ ላብና ዝናብ ነክቶት ጠርዙ ሻግቷል፤ ጽሑፉ ግን አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት።

«ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። ግንባሩ ነጭ የሆነው ቀይ በሬ በማይድን ተላላፊ በሽታ የተያዘ ስለሆነ፣ ወደ ሌሎች ከብቶች እንዳይዛመት በአስቸኳይ እንዲወገድ፤ ለማስወገድ ለሚላከው ሰው እንዲያስረክቡ። ቆዳው ለባለንብረቷ ይመለስላት።»

በአስቸኳይ የሚለው ሥር ነው በቀይ የተሰመረው።

አንድ ጊዜ አነበብኩ። ገና ተማሪ ነኝ፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና አነበብኩ። አልተሳሳትኩም። ቦራ አጠገቤ ቆሞ ያመሰኳል። በሠርግ አምባሬ የገዛሁት መድኃኒት የበሬዬ የሞት ፍርድ ነበር፤ ስንት ወር ያጸለየኝ፣ የሳምኩት፣ ያስመሰገነኝ። ከፍዬ ነው የገዛሁት! ጫማ ስሜ! ሳቅ ጀመረኝ፤ ወዲያው እትዬ ወለላ ትዝ አለችኝና ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

ወደ ቤቷ ሮጥኩ። እግሯ ላይ ወድቄ ወረቀቱን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ቆዳዋንም አልሰጡኝም እኮ» አለችኝ።

በቅዳሜ ገበያ ሁለታችንም ወደዚያች ከተማ ሄድን። ክሊኒኩ በር ላይ ከብት የያዘ ሰው ተሰልፏል፤ ወረቀቱን የተቀበለውም ገና ግቢው ውስጥ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ከውስጥ ወረቀት ይዘው ሲወጡ አገኘን።

«አባቴ፣ እስኪ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«ለሊቀመንበሩ ነው ልጄ፤ የላሜ መድኃኒት ነው።»

ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ያው ነው፤ ቀለሙና ቀንዱ ብቻ ተለውጧል። ከጭንቅላት በላይ ያሉ እጆች ወረቀት ይዘው ወደኔ ተዘረጉ፤ «ይኸንስ? ይኸንስ አንብቢልን!» አንዱን አነበብኩ፣ ሌላውን አነበብኩ። ግማሹ ‹ይወገድ› ነው፤ ግማሹ የማይገኝ መድኃኒት ስም ነው። ጫጫታው ሐኪሙን አወጣው።

«ምንድን ነው የምታደርጊው አንቺ?»

አላወቀኝም። አምባሬን ወስዶ ፊቴን አላወቀውም።

«ወረቀት አነባለሁ» አልኩት።

«ማን ፈቀደልሽ? አሳስርሻለሁ!»

«እሠረኝ» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪም ‹አንተ› አልኩ። «ብቻ የእሥሩን ወረቀት ስትጽፈው እያየሁ ጻፈው። ዛሬ ራሴ ነው የማነበው።»

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያዳነኝ፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ሳያሳስረኝ አይቀርም። በሩን ዘግቶ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ የላሜን፣ የበሬዬን እያለ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ በር ላይ እኔን ይፈልግ ጀመር። ገበያ በዋለ ቁጥር ከእትዬ ወለላ ጋር ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ «ይኸን እንዳትሰጥ፣ ቅደደው» ትላለች። ዋጋ አንቀበልም። ልኳንዳው ሥጋ አነሰው።

ሐኪሙ ተቀጣ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተቀጣም። ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ፤ ያውም በዕድገት ነው ይባላል። አምባሬንም ይዞት ሄደ። በሱ ቦታ የመጣው ወጣት ሐኪም ከበሩ ወጥቶ የከብት አፍ በእጁ የሚከፍት ልጅ ነው። የቦራን በሽታ ነግሬው «ያ ሦስት መርፌ በውነት ያድነው ነበር?» አልኩት።

«እማማ፣ ይኸ በሽታ የጎለመሰ በሬ ላይ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል» አለኝ። «አፉን በጨው ማጠብ፣ ለስላሳ ሣር ማብላት፣ ማሳረፍ ነው። አንቺ ነሽ ያዳንሽው።»

«ያኛው ሐኪም ይኸን አያውቅም ነበር?»

ወጣቱ ወደሚያክማት ላም ዞረ። መልሱን ግን አገኘሁት። ሳያውቅ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነቡ ‹ካለማንበቧ የተነሳ በሬዋ ዳነላት› ብላችሁ የምትስቁብኝ አላችሁ። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን በኔ አለማወቅ አንድ በሬ ሲድን፣ በዚያው አለማወቄ የእትዬ ወለላ ላም ሄዳለች። እኔ የማላነበውን ወረቀት አመስግኜ ነው የላክኋት። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው ‹ፈርሚ›፣ ‹ውሰጂ›፣ ‹ለእገሌ ስጪ› ብሎ ወረቀት ሲዘረጋልኝ፣ ነጭ ካፖርት ይልበስ፣ ኮት ይልበስ፣ ቁጭ በል እለዋለሁ። መነጽሬን አወጣለሁ። እሱ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ።

ቦራ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ክረምት አረሰ። ደርግ ወደቀ፤ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ወረደ፤ ቦራ ግን ያርስ ነበር። በመጨረሻ አርጅቶ፣ በገዛ በረቱ፣ በእጄ ሣር እያጎረስኩት ሞተ። ቆዳውን አያ ደምሌ ገፎ አለፋልኝ። ዛሬ የምተኛው በሱ ላይ ነው፤ ወረቀቱም ከሥሩ አለ። ሐኪሙ በማኅተም ካዘዘው ሁሉ የተፈጸመው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፤ ቆዳው ለባለንብረቷ ተመልሷል።